የጫግኒ ውሃ በ95 ይፈላል

ይህች ጽሑፍ ረዘም ትላለች። ቡና ቀድታችሁ አንብቧት። መምህር ከሆናችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻዋ አብራችሁኝ ቆዩ፤ የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ።

ከጥፋቴ ልጀምር።

2011 ዓ.ም. ነው። ጫግኒ ውስጥ 9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ስለ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ "ዛሬስ በጠመኔ ብቻ አላስተምርም" ብዬ ተነሳሁ። ከቤቴ የከሰል ምድጃና ትንሽ ብረት ድስት፣ ከትምህርት ቤቱ ቁም ሳጥን ደግሞ ሌሎቹ ተሰብረው የተረፈች አንዲት ቴርሞሜትር ይዤ ሄድኩ። ምድጃውን በረንዳ ላይ አቀጣጠልን። ተማሪዎቹ 62 ናቸው። በቡድን በቡድን እየመጡ ውሃው ሲሞቅ፣ ሲፈላ፣ ከፈላም በኋላ ሙቀቱን አንብበው እንዲመዘግቡ፣ ቤታቸው ሄደውም አንዳንድ ገጽ ሪፖርት እንዲጽፉ አዘዝኳቸው።

ሪፖርቱን ሳርም ሁሉም ማለት ይቻላል "ውሃው በ100 ዲግሪ ፈላ" ብለዋል። አንድ ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ብቻ "በ95 ፈላ፤ ከዚያ በኋላ አልጨመረም" ብሎ ጻፈ። በቀይ እስክሪብቶ 95ን ሰረዝኩና "100 ነው! መጽሐፍህን በደንብ አንብብ" ብዬ ጻፍኩበት። ከ10 ስድስት ሰጠሁት። 100 ብለው ለጻፉት ዘጠኝና አሥር።

ልብ በሉ፤ ቴርሞሜትሩ አንድ ነው። ድስቱም አንድ ነው። 62ቱም ያዩት ያንኑ ቁጥር ነው። 61ዱ ያዩትን ትተው መጽሐፉ ያለውን ጻፉ። አንዱ ያየውን ጻፈ። እኔ የቀጣሁት ያንን አንዱን ነው።

እኔ ራሴስ? ቴርሞሜትሩን ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም። መልሱን "አውቀው" ነበራ!

ጥፋቴን ያወቅኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ሚኒባስ ውስጥ ነው። እንጅባራ ለስልጠና ሄጄ ወደ ጫግኒ ስመለስ ሃይላንድ ውሃ ገዝቼ መነኸሪያው ላይ ጠጣሁና ባዶውን ላስቲክ ክዳኑን አጥብቄ ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እንጅባራን ታውቋታላችሁ፤ ጋቢ የማይለይባት ብርዳም ከተማ ናት። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና ጫግኒ ስትደርሱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። ቤቴ ገብቼ ቦርሳዬን ስከፍት ላስቲኩ ጎኑ ገብቶ ተኮማትሯል። የተቀመጠበትም የጨመቀውም ሰው የለም። ክዳኑን ስከፍተው "ጭስ" ብሎ አየር ሳበና ተመልሶ ተነፋ።

ለስንት ዓመት ያስተማርኩት የቦይል ሕግ በእጄ ላይ ነበር። እንጅባራ ላይ የታሸገው አየር የከፍታ ቦታ አየር ነው፤ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው። ጫግኒ ሲወርድ የውጭው አየር ግፊት በለጠውና ጨመቀው። ቆሜ ላስቲኩን ሳገላብጥ ያ 95 ትዝ አለኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሳው እንፋሎት ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር የሚጫነው አየር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ውሃው ቶሎ፣ ማለትም በዝቅተኛ ሙቀት፣ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ጫግኒ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አስሉት፤ 95 አካባቢ ይመጣል። ከ2,500 ሜትር በላይ ያለችው እንጅባራ ደግሞ 91 ወይም 92 ላይ ታፈላለች። እዚያ ባቄላ ለመብሰል የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፤ እናቶቻችን ከእኛ በፊት ያውቁታል።

መጽሐፉም አልዋሸም። 100 የሚሆነው የአየሩ ግፊት አንድ አትሞስፌር ሲሆን ነው ይላል። ሐረጓን የዘለልኳት እኔ ነኝ። ጫግኒ ውስጥ ቆሜ የባሕር ዳርቻ ውሃ ሳስተምር ኖሬያለሁ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ስለ አንድ ጉዳይ ለመናገር ነው፤ ስለ መርጃ መሣሪያ። የኬሚስትሪ መምህራን ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ነው። "ላብራቶሪ የለም፣ ኬሚካል የለም፣ መጽሐፍ አልደረሰም፣ ጥሩ ቪዲዮ የምታገኝበት ቻናል ካወቅህ ላክልኝ።" እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ዛሬ ግን ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ጠቃሚ መርጃ መሣሪያ ፍለጋ ስንወጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ጥያቄ የተሳሳተ ይመስለኛል። "ምን ላግኝ?" ከማለታችን በፊት "ያገኘሁት ነገር እዚህ፣ በእኔ ክፍል፣ በእኔ እጅ ተሞክሯል ወይ?" ማለት አለብን።

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ስገባ ነው ትምህርት በሳተላይት የጀመረው። ያ ትልቅ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ በብረት ሳጥን ተቆልፎ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ይከፈትና የማናውቃቸው ሰዎች ነጭ ጋውን ለብሰው በፈጣን እንግሊዝኛ ያስተምሩን ጀመር። እውነቱን ለመናገር ሙከራዎቹ ያምሩ ነበር። ሰማያዊው ፈሳሽ ውስጥ ጠብታ ሲገባ ቀለሙ ይለወጣል፣ ጋዙ ይንተከተካል፣ እኛ አፋችንን ከፍተን እናያለን። "አሁን እናንተ መልሱ" ይልና ሳንመልስ መልሱን ነግሮን ያልፋል። መምህራችን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚኖረው። መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ሄደ፤ አይደገምም።

ፕላዝማን የሚረግሙ ብዙ ናቸው። እኔ አልረግምም። ሩቅ ገጠር ላለ ልጅ ላብራቶሪ ማሳየት ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ችግሩ ማቆምና መጠየቅ አለመቻሉ ነው። ሙከራው ሁልጊዜ ይሳካል። ቁጥሩ ሁልጊዜ መጽሐፉ እንዳለው ይመጣል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ ያ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የተባለበት ዘመን ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ የመጀመሪያ ሙከራዬ ሲበላሽብኝ ያደረግኩትን ልንገራችሁ? የጓደኛዬን ቁጥር ገለበጥኩ። ትክክለኛው መልስ ቀድሞ የሚታወቅ፣ ሙከራው ደግሞ ለማስመሰል የሚደረግ ነገር መሆኑን ከልጅነቴ ነበር የተማርኩት። ያንኑ ነው በ2011 ለተማሪዎቼ ያወረስኩት።

ከፕላዝማ በኋላ የቴሌግራም ዘመን መጣ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ከወረቀቱ በፊት በፒዲኤፍ ነው እጄ የገባው። ከዚያ ማጠራቀም ጀመርኩ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ አጫጭር ኖቶች፣ የህንድ ቪዲዮዎች፣ የእንግሊዝ መምህራን ወርክሽቶች፣ "1,000 ጥያቄዎች ከነመልሳቸው"፣ ምኑ ቅጡ! ላፕቶፔ ሞልቶ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። አንድ ሰው "ፋይል አለህ?" ካለኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምልክለት። የሚገርመው፣ ከዚያ ሁሉ ክምር ክፍል ይዤ የገባሁትን ብቆጥር ከአሥር አይበልጥም።

ከዚያ ሐምሌ 2015 መጨረሻ መጣ። በክልላችን የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እሱን እዚህ አልዘረዝርም። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለዩ። እኔም ቤቴ ቁጭ ብዬ ያጠራቀምኩትን አንድ በአንድ መክፈት ጀመርኩ። አዲስ ነገር ማውረድ ስለማልችል ያለኝን ማየት ግድ ሆነ። ደግነቱ ያኔ ነው የተማርኩት።

እያንዳንዱን ፋይል በሦስት ጥያቄ ፈተንኩት።

አንደኛ፣ ልጁ ራሱ ያያል ወይስ ሌላ ሰው ማየቱን ይሰማል? ሁለተኛ፣ 62 ተማሪ ባለበት፣ በ40 ደቂቃ፣ መብራት ባይኖርም ይሠራል? ሦስተኛ፣ ልጁ ካየ በኋላ "ለምን?" ብሎ ወደ አተሞቹና ወደ ቀመሩ ይሻገራል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ያገኘሁት አሌክስ ጆንስቶን ከሚባል የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ጽሑፍ ሳይንስ፣ በተለይም ኬሚስትሪ፣ ለምን እንደሚከብድ በአንድ ሦስት ማዕዘን አስረድቷል። አንዱ ጥግ በዓይን የሚታየው ነው፤ ቀለሙ፣ አረፋው፣ ሽታው። ሁለተኛው ጥግ የማይታየው ነው፤ አተሞቹና ሞለኪውሎቹ። ሦስተኛው ምልክቱ ነው፤ ቀመሩና ስሌቱ። መምህሩ ሦስቱ መካከል እንደ ዝንጀሮ ይዘልላል፣ ተማሪው ደግሞ ከመጀመሪያው ዝላይ ላይ ይቀራል። እኛ ጋ ያለው ችግር ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ በቀጥታ ሦስተኛው ጥግ ላይ ነው የምንጀምረው፣ እዚያው እንጨርሳለን።

ለሁለተኛው ጥግ፣ ማለትም ለማይታየው፣ ከክምሩ ውስጥ አንድ ነገር በጣም ጠቀመኝ። ፌት ይባላል። በ2001 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ያገኘው ካርል ዊማን በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው፣ በኮምፒውተር ላይ የሚንቀሳቀሱ የሳይንስ ማሳያዎች ስብስብ ነው። ነፃ ነው። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጋዝ ያለበትን ዕቃ ታጠብቡታላችሁ፣ ቅንጣቶቹ ግድግዳውን ደጋግመው ሲመቱ ግፊቱ ሲጨምር ታያላችሁ። ከፕላዝማው የሚለየው ልጁ ራሱ ይነካካዋል፤ ያቆመዋል፤ "ይህንን ብቀንሰውስ?" ይላል። አንድ ላፕቶፕ ለ62 ልጅ አይበቃም፤ እውነት ነው። እኔ በምሳ ሰዓት ስድስት ስድስቱን እየጠራሁ አሳያለሁ። ሳምንት ይፈጃል፣ ግን ያልቃል።

ለመጀመሪያው ጥግ፣ ለሚታየውና ለሚዳሰሰው፣ የረዳኝ ደግሞ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ታሪኩን ስሙት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓ ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት ፈርሶ፣ ስንት ላብራቶሪ ተቃጥሎ ነበር። ስቴፈንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መምህር ጦርነት ባወደማቸው አገሮች ላሉ የሳይንስ መምህራን የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጀና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተመው። ጣሳ፣ ሻማ፣ ጠርሙስና ሽቦ ይዞ ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ነው። ከዚያ መጽሐፍ አድጎ ነው በ1956 የዩኔስኮ የሳይንስ ማስተማሪያ መጽሐፍ የወጣው፤ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ዓለምን የዞረው። ሳነበው ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ለካ "ላብራቶሪ ፈርሷል" ማለት "ሳይንስ ቆሟል" ማለት አይደለም። የእኛ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም።

እዚሁ አፍሪካም ብዙ ተሠርቷል። ደቡብ አፍሪካ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን ብራድሊና ባልደረቦቹ በጠብታ መጠን የሚሠራ ኬሚስትሪ አስፋፍተዋል። በሊትር የሚለካውን ኬሚካል ትተው በጠብታ፣ በቢከር ፋንታ ትንንሽ ጉድጓድ ባለው ላስቲክ ሰሃን ይሠራሉ። ኬሚካሉ ይበረክታል፣ አደጋው ይቀንሳል፣ እያንዳንዱ ልጅ በእጁ ይሞክራል። ስለ አፍሪካ ኬሚስትሪ ትምህርት የሚወጣ መጽሔትም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በነፃ ይነበባል። እኔ ግን ለአሥር ዓመት የህንድ ቪዲዮ ሳወርድ ይህን አላየሁም።

ቲዎሪው ይብቃን፤ ወደ ጫግኒ እንመለስ።

ትምህርት ሲከፈት ስለ አሲድና ቤዝ ማስተማር ነበረብኝ። ሊትመስ ወረቀት የለም። መጀመሪያ ልጆቹን "ቤታችሁ ውስጥ ቀለሙን ሲለውጥ ያያችሁት ነገር ምን አለ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ የእናቴ ነጠላ ላይ አልጫ ፈሶበት በሳሙና ሳጥበው ቀይ ሆነ። ተቆጣችኝ። በውሃ ደጋግሜ ሳለቀልቀው ግን ተመልሶ ቢጫ ሆነ።" ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ልስማት ምንም አልቀረኝም። አልጫው ውስጥ ያለው እርድ ነው። እርድ ቤዝ ሲያገኘው ይቀላል፤ ቤዙ ሲታጠብ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ይቺ ልጅ ኢንዲኬተርንም፣ የሚመለስ ለውጥንም፣ በአንድ ነጠላ ላይ አይታለች። ማንም "ይህ ኬሚስትሪ ነው" አላላትም እንጂ።

በማግስቱ የእርድ ዱቄት አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈን፣ የደብተር ወረቀት እየነከርን አደረቅን። አመድ ውሃ ሲነካው ቀላ። ሳሙና ቀላ። ሎሚ ሲንጠባጠብበት ቢጫነቱ ተመለሰ። እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን፤ እርድ አሲድን ከንጹሕ ውሃ አይለይም፤ ሁለቱም ላይ ቢጫ ነው። ይህን አንድ ተማሪ ነው ያስተዋለው፤ እኔ አልነገርኩም። ለአሲዱ ከርከዴ ቀቅለን ተጠቀምን። ሎሚ ላይ ቀዩ ይደምቃል፣ አመድ ውሃ ላይ ወደ አረንጓዴ ያደላል። አመድ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ደግሞ ይንተከተካል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የፈጀነው ገንዘብ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም።

ሌላ ልጨምር። ለተማሪዎቼ ሁሌ የሚከብዳቸው "ሊሚቲንግ ሪአክታንት" የሚባለው ነው፤ ሁለት ነገሮች ሲዋሃዱ ቀድሞ የሚያልቀው ውጤቱን ይወስናል የሚለው። በምሳሌ ብል፣ በስሌት ብል፣ አልገባቸውም። በዞናችን ፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል እንደሚያከስል ታውቃላችሁ። ከዚያ አካባቢ የመጣ ተማሪ አለኝ። "ከሰል እንዴት ይከሰላል? ለክፍሉ አስረዳ" አልኩት። "እንጨቱ ተከምሮ በሣርና በአፈር ይደፈናል። ትንሽ አየር ብቻ ይተውለታል። ቀዳዳው ከበዛ ይነድድና አመድ ይሆናል። በጣም ካነሰ ደግሞ ጥሬው ይቀራል" አለ። በቃ! አየሩ ወይም ኦክስጅኑ ቀድሞ ስለሚያልቅ ነው ካርቦኑ የተረፈው። ከዚያ በኋላ ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ "ከሰሉ የቱ ነው? አየሩስ?" እያሉ ራሳቸው ሠሩት።

ከዚያው ከከሰሉ ሳንወጣ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድም አወራን። ክረምት ላይ ደጋው አካባቢ ምድጃ ቤት ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ያለ ነው። ያ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ደማችን ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ይህንን ያወቀ ልጅ ቤቱ ገብቶ መስኮት ይከፍታል። ከፈተና ውጤት በፊት ሕይወት አለ።

አሁን ደግሞ የተቃወሙኝን ልስማ፤ ተቃዋሚ አላጣሁም።

አንዱ ባልደረባዬ "ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ 12ኛ ክፍል ላይ ግን ስለ እርድ አይጠየቁም" አለኝ። ልክ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4። ይህን ቁጥር እያየ ማንም መምህር ጥያቄ ማሠራቱን አይተውም፤ እኔም አልተውኩም። ፈተና ወረቀቶቹን እጠቀማለሁ። ግን እንጠይቅ፤ እነዚያ "1,000 ጥያቄዎች" በየልጁ ስልክ ላይ ነበሩ እኮ! ጥያቄ ያነሰው ተማሪ የለም። መልሱን ሸምድዶ ቁጥሩ ሲቀየርበት የሚጠፋበት ተማሪ ነው የበዛው። ከ40 ደቂቃው አሥሩን ለማየት ብንሰጥ ሠላሳው ደቂቃ ይበልጥ ይሠራል ባይ ነኝ።

ሌላዋ መምህርት ያነሳችው ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። "እናንተ በሎሚና በአመድ ይሠራል ስትሉ መንግሥት 'እንግዲያውስ ላብራቶሪ አያስፈልግም' ይላል" አለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፤ ሎሚና እርድ ላብራቶሪ አይተኩም። ትክክለኛ ሚዛን፣ ቢዩሬት፣ የታወቀ ኮንሰንትሬሽን ያለው መፍትሔ ሳይነኩ 12ኛ ክፍልን የሚጨርሱ ልጆች ተበድለዋል። የተዘጋ የላብራቶሪ ክፍል፣ ቀኑ ያለፈበት ኬሚካል፣ ያልተመደበ ቴክኒሺያን፣ እነዚህ ሁሉ መጠየቅ ያለባቸው ናቸው። እኔ የምለው እስኪመጣ ድረስ ዓይናችንን አንጨፍን ነው። ሲመጣም ደግሞ፣ ያየውን መጻፍ ያልለመደ ልጅ ውድ ዕቃ ላይ ቆሞም 100 ብሎ ነው የሚጽፈው።

ስለ አደጋም አንድ ነገር። ቪዲዮ ላይ ያያችሁትን ሁሉ ክፍል ይዛችሁ አትግቡ። እኔ አንድ ጊዜ ጋዝ የሚያወጣ ሙከራ አይቼ ግቢዬ ውስጥ ለብቻዬ ስሞክረው፣ ክዳኑን ቶሎ ባለመክፈቴ ጠርሙሱ ፈነዳ። መነጽሬ ነው ዓይኔን ያተረፈው። 62 ልጆች ፊት ቢሆን ኖሮ ማሰቡም ይዘገንነኛል። በረኪናን ከሎሚም ከኮምጣጤም ከሌላ ማጽጃም ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን መርዝ ነው። ልጆቹም ቤታቸው እንዳይሞክሩት ንገሯቸው። ደንቤ ይህ ነው፤ ቤቴ ሁለት ጊዜ ያልሠራሁትን ክፍል አላስገባም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር አለኝ። የሞከርኩትን ሁሉ እጽፍበታለሁ። ምን ተጠቀምኩ፣ ከየት ገዛሁት፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ልጆቹ ምን ጠየቁ፣ ምን አልሠራም። "አልሠራም" የሚለው ዓምድ ከሌላው ይረዝማል። ያ ሃርድ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ደብተሩ ግን ከእጄ አይለይም። በእኔ አስተያየት እስከዛሬ ካገኘኋቸው መርጃ መሣሪያዎች ሁሉ የበለጠው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ሁሉ ጫግኒ ላይ የተሞከረ ነው።

በመጨረሻ ስለዚያ ልጅ።

አምና መነኸሪያ አካባቢ አገኘሁት። እህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ይሠራል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ "ይቅርታ የምጠይቅህ ነገር አለኝ" አልኩት። ደነገጠ። ስለ 95ቱ ነገርኩት። የላስቲኩን ነገር፣ የከፍታውን ነገር አስረዳሁት። "ትክክል የነበርከው አንተ ነህ" አልኩት።

ፈገግ አለ። "አስታውሰዋለሁ ቲቸር" አለኝ። "ቤቴ ሄጄ እናቴ ጋ እንደገና ልለካ ፈልጌ ነበር፤ ቴርሞሜትር አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ግን ብልሃቱ ገባኝ። መጽሐፉ ላይ ያለውን እየጻፍኩ ሙሉ ማርክ አገኝ ነበር።" ትንሽ ዝም አለና "ኋላ ግን ሰለቸኝ። 11ኛ ላይ ሶሻል ገባሁ" አለ።

ሶሻል መግባት ነውር አይደለም። ግን ያ ልጅ የሰለቸው ኬሚስትሪ አልነበረም፤ ኬሚስትሪን ገና አላየውም ነበር። የሰለቸው የእኔ 100 ነው። አሁን ሚዛን ላይ ቆሞ ያየውን ቁጥር ይጽፋል፤ ገበሬውም ነጋዴውም ያምኑታል። የሚመቸውን ሥራ ያገኘ ይመስለኛል። እኔ ግን ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ "95" ብዬ ጽፌያለሁ።

አሁን ልጠይቃችሁ ያልኩት። መምህር የሆናችሁ፣ በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም የሳይንስ ትምህርት፣ በእጃችሁ ሞክራችሁ የሠራላችሁን አንድ ነገር ከታች ጻፉልን። ምን ተጠቀማችሁ? ስንት ተማሪ ነበር? ስንት ደቂቃ ፈጀ? ያልሠራውንም አትደብቁ፤ እንዲያውም እሱን አስቀድሙት። መምህር ያልሆናችሁ ደግሞ የምትኖሩበት ከተማ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ለክታችሁ ንገሩን። ድሬዳዋ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር፣ መተማ፣ የትም ብትሆኑ።

ግን አደራ፣ ያነበባችሁትን ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ።

ሰላም ሁኑ።